ልጃችንን ያስገባንበት መዋዕለ ሕጻናት፦ ከልደት ዳቦው እስከ ምርቃቱ

አዲስ አበባ ሳሪስ አካባቢ ስላለ አንድ ትንሽ መዋዕለ ሕጻናት ነው የምጽፈው። ልጃችን ኬጂ 1ን እዚያ ጨርሳለች፣ ለኬጂ 2ም እዚያው አስመዝግበናታል። ስሙን አልጠቅስም፣ ጥሩውንም መጥፎውንም እንደልቤ ለመናገር እንዲመቸኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር "ልጄን የት ላስገባ?" እያለ የሚዞር ወላጅ ብዙ ነው። ቢያንስ ምን ምን ማየት እንዳለበት ከዚህ ያገኛል ብዬ ነው።

ዋናውን በቅድሚያ ልበል። ቤቱ ቪላ ተከራይቶ የሚሠራ ነው፣ ግቢው ጠባብ ነው፣ እንግሊዝኛውም እንደ ማንኛውም ኬጂ ነው። እኔን ያስደሰተኝ የልጅን ትልልቅ ቀኖች ለልጁ መተዋቸው ነው። ልደት፣ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ የወላጆች ቀን፣ ምርቃት፣ እነዚህ ሁሉ አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የወላጅ ኪስ መፈተኛ ሆነዋል። ልጁ መሀል ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ቀኑ ግን የትልልቆቹ ነው። እዚህ ቤት የልጁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደጋግሜ ስላየሁት ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

ምዝገባው ብዙ አያደክምም። የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ፣ የክትባት ካርድ፣ የልጅቷ ጉርድ ፎቶ፣ ከዚያ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚወስዷት ሰዎች ፎቶና የመታወቂያ ኮፒ። የልደት ሰርተፍኬት ያላወጣችሁ አሁኑኑ አውጡ። ሕጉ ልደትን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ነው የሚለው፣ ብዙ ሰው ግን ትዝ የሚለው ትምህርት ቤት ሲጠይቀው ነው፣ ከዚያ ነሐሴ ላይ ወረዳ ሄዶ ይሰለፋል። የክትባት ካርዱንም ፈልጉት። ጸሐፊዋ የእኛን ካርድ ገልበጥ አድርጋ መጀመሪያ ያየችው የኩፍኝ ሁለተኛውን ክትባት ነው፣ በ15 ወር የሚሰጠውን። የ9 ወሩን አስከትበው ይሄኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው አለችኝ። ካርዱን ፋይል ውስጥ ለመክተት ብቻ ሳይሆን ለማንበብ መቀበላቸው ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ገጽ ጥያቄ ሰጡን። ቤት ውስጥ ማን ብላችሁ ነው የምትጠሯት? ሽንቷ ሲመጣ ምን ብላ ነው የምትናገረው? ስታለቅስ ምን ያባብላታል? ትጾማላችሁ? የማትበላው ምግብ አለ? የምትፈራው ነገርስ? አባቷ ቁጭ ብሎ በጥሞና ሞላው። መስከረም ላይ በር ላይ የተቀበለቻት ሚስ ዝቅ ብላ በቤት ስሟ ስትጠራት፣ ልጄ ቀና ብላ አየቻት። ስሟን የሚያውቅ ሰው እዚያ አለ ማለት ነው። ያ ወረቀት ለምን እንደተጠየቀ ያኔ ገባኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ለኬጂ 1 ልጆች ግማሽ ቀን ነው፣ ያውም ሁሉም በአንድ ቀን አይገቡም። ሰኞ ጥቂት ልጆች ይጀምራሉ፣ ማክሰኞ ሌሎች ይጨመራሉ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አርብ ላይ ክፍሉ ይሞላል። ልጅ ሲያለቅስ ያላለቀሰውም ይከተላል፣ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ጊዜ ከጀመረ ደግሞ አንዲት ሚስና አንዲት ሞግዚት ምን ማድረግ ይችላሉ? ወላጅ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ይፈቀድለታል፣ ክፍል ግን አይገባም። ልጅቷ በመስኮት ታይሻለች፣ መኖርሽን ታረጋግጣለች፣ ከዚያ ብሎክ ሲሰጧት ትረሳሻለች።

አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፣ ተደብቆ መሄድ ክልክል ነው። እናቴ "ሳታይሽ ሹልክ በይ፣ ቢያለቅሱ ለትንሽ ጊዜ ነው" ስትለኝ ነበር፣ እኛን እንደዚያ ነው ያሳደገችን። ሚሷ ግን "ቻው ብለዋት ይሂዱ፣ ብታለቅስም ቻው ይበሏት፣ ስንት ሰዓት እንደሚመጡም ይንገሯት፣ ምሳ ከበላሽ በኋላ እመጣለሁ ይበሏት" አለችኝ። ዞር ስትል እናቷን ያጣች ልጅ በማግስቱ ቀሚስ አትለቅም። የእኔዋ አለቀሰች፣ በደንብ ነው ያለቀሰችው፣ ግን ከምሳ በኋላ እንደምመጣ ታውቅ ነበር። መጣሁም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለቅሶው እያጠረ ሄደ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የመስቀሉ ነገር ነው። ልጆቹ ገና ሲለምዱ መስቀል ይደርስና ትምህርት ይዘጋል፣ ደመራ፣ እንግዳ፣ ቤት፣ ደስታ። ከመዝጋታቸው በፊት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ መልእክት ላኩ፦ ከበዓሉ በኋላ ልጆች እንደ አዲስ ሊያለቅሱ ይችላሉ፣ አትደንግጡ፣ አታስቀሯቸው። እንዳሉትም ሆነ። የእኔ ልጅ በር ላይ ጉልበቴን አቅፋ አልለቅ አለች። ባይነግሩን ኖሮ አንድ ነገር ደርሶባታል ብዬ ነበር የምጠረጥረው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ የሚመጣውን ቀድሞ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ልደቱ ልምጣ፣ ስለሱ ብዙ የምለው አለኝ።

ልጃችን የተወለደችው ጳጉሜ 3 ነው፣ የሩፋኤል ዕለት። በዚያ ቀን ዝናብ ከዘነበ ልጆች ሁሉ "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያሉ ውጭ ይሯሯጣሉ፣ የእኛም ሰፈር እንዲሁ ነው። እኛ ቤት የምናከብረው ልደቷ ብዙ ወጪ የለውም። ድፎ ዳቦ አለ፣ ፈንዲሻ አለ፣ የጎረቤት ልጆች እርጥብ ልብሳቸውን ቀይረው ይመጣሉ። ሰርፕራይዙ ዘንድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነበር፣ አክስቷ ከመርካቶ ያመጣችው። ቦርሳው ውስጥ ምሳ ዕቃ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ደግሞ የውሃ ኮዳዋ ላይ የሚለጠፍ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት። እየከፈተች እየከፈተች ጨርሳ ቦርሳውን አዝላ ነው ያደረችው ማለት ይቻላል። (ቦርሳ ለምትገዙ፦ ከልጁ ጀርባ የማይበልጥ ይሁን፣ ባለ ጎማው ለሳሪስ ጭቃ አይሆንም፣ ዚፑን ደግሞ ሱቁ ውስጥ ልጁ ራሱ ከፍቶ ይዝጋው።)

ጳጉሜ ላይ ትምህርት ቤት ስለማይኖር፣ በትምህርት ቤት ልደቷ አይከበርም ብለን ነበር ያሰብነው። ክረምት የተወለዱ ልጆች ዕጣቸው ይሄ ነው፣ የሌላውን ኬክ ሲበሉ ይከርማሉ። እዚህ ቤት ግን ልደት በወር አንድ ጊዜ ነው የሚከበረው፣ በወሩ የመጨረሻ አርብ፣ የዚያ ወር ልጆች ሁሉ በአንድ ላይ። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜ የተወለዱት ከመስከረም ልጆች ጋር ይጨመራሉ። ማንም አይቀርም። ስጦታ የለም፣ የስጦታ ከረጢት ማደል የለም፣ ባለሙያ ፎቶ አንሺ የለም። ኬክ እንኳ የለም፣ ዳቦ ነው። አርብ ስለሆነ የሚጾመውም የማይጾመውም ይበላዋል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። አንዱ ቤተሰብ ዳቦ ያመጣል፣ ሌላው ሙዝ፣ ሌላው ብርቱካን። ለስላሳ አይገባም።

ዝግጅቱ ምን መሰላችሁ? ከቤተሰብ አንድ ሰው ይመጣና ልጁ የተወለደ ቀን ምን እንደነበረ ለክፍሉ ያወራል። በቃ። ከእኛ በኩል አያቷ ሄዱ። ከሌሊት ተነስተው በኮባ ቅጠል የጋገሩትን ዳቦ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ዙሪያውን ከበቧቸው። "ይቺ ስትወለድ ዝናብ ነበር፣ ገንፎ አገንፍቼ ቅቤና በርበሬውን ሳቀርብ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ" አሉ። አንዱ ልጅ "እሷም ገንፎ በላች?" ብሎ ጠየቀ። "እሷማ ጥርስ የላት፣ እኛ ነን የበላንላት" አሉት። ከዚያ "በእኛ አገር ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ ነበር እልል የሚባለው፣ እኔ ግን ለዚህችም ሰባት ነው ያልኩላት" አሉና እልልታውን ጀመሩ። ልጆቹ አብረው። ሚሷ በጣቷ እየቆጠረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሰባት። ልጄን ያኔ ብታዩዋት! እንደዚያ ስትኮራ አይቻት አላውቅም። ያን ቀን ከእሷ ጋር ልደቱ የነበረው ልጅ አባት ደግሞ በሰባተኛው ቀን አቂቃ (ልጅ ሲወለድ ሙስሊሞች በግ የሚያርዱበት ሥርዓት) ሲወጣለት ስሙ እንዴት እንደተመረጠ አወራ፣ አያቱ አንድ ስም ፈልገው አክስቱ ሌላ ስም ፈልጋ። ልጆቹ ያንንም አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙት።

ይሄን ሳይ የእህቴ ልጅ የተማረበት ሌላ ኬጂ ትዝ አለኝ። እዚያ ልደት ማለት ኬኩ ስንት ኪሎ ነው ማለት ነው። አንዱ ወላጅ ባለ ሁለት ፎቅ ካመጣ ቀጣዩ ባለ ሦስት ፎቅ ያመጣል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ መጫወቻ የሞላበት ከረጢት ይታደላል፣ በአሻንጉሊት ልብስ የተሸፈነ ሰው ይመጣና ግማሹ ክፍል በፍርሃት ይጮኻል። እህቴ የዚያን ወር ዕቁቧን ልደቱ ላይ ነው ያዋለችው። ያልቻለ ወላጅ ልጁን በልደቱ ቀን "አሞታል" ብሎ ያስቀረዋል። ይሄ እውነት የሚሆን ነገር ነው፣ ልጅ በልደቱ ቀን ከትምህርት ቤት ይቀራል። ማንም እዚያ ያለ ኃላፊ "ይብቃ" ማለት ሲችል አላለም። የአራት ዓመት ልጅ የኬክ ፎቅ አይቆጥርም፣ ማን እንደመጣለት ግን ያውቃል።

ትምህርቱን በተመለከተ። ሀሁ ይቀድማል፣ ኤቢሲዲ ይከተላል። አሸዋ በተነጠፈበት ትሪ ላይ በጣታቸው ነው የሚጽፉት፣ እርሳስ የሚይዙት ቆይተው ነው። ኬጂ 1 ላይ የቤት ሥራ የለም። በዚህ ምክንያት የወላጆች ስብሰባ ላይ ትልቅ ክርክር ነበር። አንድ አባት "የጎረቤቴ ልጅ እስከ ዜድ ይጽፋል፣ የእኔ ልጅ ገና ጭቃ ነው የሚያቦካው" አሉ፣ ያጨበጨበላቸውም ነበር። ዳይሬክተሯ አልተቆጡም። ፊደላችን 33 ሆኖ በሰባት ሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ ይሄን ሁሉ በአንድ ዓመት ቢሸመድድ በዜማ ይላቸዋል እንጂ ነጥለን ስናሳየው አያውቃቸውም፣ ጣቱ ሳይጠነክር እርሳስ ብናስይዘው ደግሞ መጻፍን ይጠላል አሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ልጄ ዓመቱ ሲያልቅ ፊደሉን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀውን ግን ታክሲ ውስጥ ሆና የሱቅ ታፔላ ላይ እየለየች ትጮሃለች፣ "ማሚ የእኔ ፊደል!" እያለች። ይሄ ለእኔ በቂዬ ነው።

አሁን ቅሬታዬ።

አንደኛ፣ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ፣ ሚሷ ለወላጅ መልእክት የምትጽፍበት ደብተር፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ለምን? ልጁን ብዙ ጊዜ የምትቀበለው አያት ናት፣ ወይ የቤት ሠራተኛ ናት። "ነገ የሚቀየር ልብስ ላኩ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ መላክ ማንንም አይጠቅምም። ልጄ በዚህ ምክንያት እርጥብ ልብስ ለብሳ የመጣችበት ቀን አለ። በስብሰባ ላይ ተናግረናል፣ "እናስተካክላለን" ተብሏል፣ እስከ ሰኔ አልተስተካከለም። በአማርኛ ልደት የሚያከብር፣ በአማርኛ ሀሁ የሚያስቆጥር ቤት እዚህ ላይ ምን እንደነካው አይገባኝም።

ሁለተኛ፣ ሽንት ቤቱ። መቀመጫው ለልጅ ቁመት የተሠራ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ለልጆቹ ብዛት ያንሳል። መክሰስ ሰዓት ላይ ሰልፍ አለ፣ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ሰልፍ አይጠብቅም። ውሃ ሲጠፋ በበርሜል ያጠራቅማሉ፣ ሞግዚቶቹም እጅ ያስታጥባሉ፣ በዚህ አልወቅሳቸውም።

ሦስተኛው ሰርቪስ ነው። መኪናው የትምህርት ቤቱ አይደለም፣ ሹፌሩ በራሱ ነው ከወላጅ ጋር የሚዋዋለው። ልጆቹን ደራርቦ ነው የሚጭነው። ትምህርት ቤቱን ስትጠይቁ "እኛን አይመለከትም" ይላል። ከበሩ ላይ ልጅ ለሹፌሩ የሚያስረክበው ትምህርት ቤቱ እስከሆነ ድረስ ይመለከተዋል ባይ ነኝ። እኛ ለሁለት ወር ሞክረን ተውነው፣ አሁን አባቷ ጠዋት ያደርሳታል።

ሌላው ፎቶ ነው። የልጆችን ፎቶ ሳያስፈቅዱ ፌስቡክ ገጻቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። ስናነሳባቸው የእኛን ልጅ አወጡ፣ ቆይተው ደግሞ ለሁሉም ወላጅ የፈቃድ ቅጽ አዘጋጁ። ይሄን በመልካም ጎን እይዝላቸዋለሁ፣ ተነግሯቸው የሰሙበት ነው።

ክፍያው ልጃችን ኬጂ 1 ሳለች በወር 3,500 ብር ነበር፣ መመዝገቢያውና ዩኒፎርሙ ለብቻ። ሰፈሩ ውስጥ ከዚህ የሚረክስም አለ፣ እጥፍ የሚጠይቅም አለ። ለቀጣዩ ዓመት ጭማሪ ሲያስቡ ወላጅ ጠርተው አወያይተዋል፣ መጀመሪያ ያሉት ቁጥር ላይ ተከራክረን ቀንሰዋል። ምሳ ከቤት ነው የሚሄደው። ዩኒፎርሙን ከእነሱ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ጨርቁንና ቀለሙን ነግረው ሰፈር ማሰፋት ይፈቅዳሉ፣ እኛ እንደዚያ አድርገን አተረፍን።

የምርቃቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሰኔ ላይ የኬጂ 3 ልጆች ሲመረቁ ታናናሾቹም ቤተሰቦቻቸውም ይጋበዛሉ፣ ሄድን። ጋውን የለም፣ አዳራሽ ኪራይ የለም። ግቢው ውስጥ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቡና አፍልተው፣ ልጆቹ ያላቸውን የሀበሻ ልብስ ለብሰው መጡ፣ የሌለው በንጹሕ ልብሱ መጣ፣ ልዩነቱን ማንም ልብ አላለውም። ሌላ ቦታ ልጅ ማይክ ይሰጠውና "ሳድግ ዶክተር እሆናለሁ፣ ፓይለት እሆናለሁ" ይባላል፣ ያውም ወላጁ ያስጠናውን። እዚህ እያንዳንዱ ልጅ የተናገረው በዚህ ዓመት የቻለውን አንድ ነገር ነው። "ጫማዬን ማሰር እችላለሁ።" "ስሜን እጽፋለሁ።" "ብቻዬን ሽንት ቤት እሄዳለሁ።" አንዷ ደግሞ ማይኩን ይዛ ብዙ ዝም አለች፣ ማንም አላጣደፋትም፣ በመጨረሻ "አሁን አላለቅስም" አለች። መስከረም ላይ ልጄን በር ላይ የተቀበለቻት ሚስ እንባዋን ስትጠርግ አየሁ። እኔም አልቻልኩም። ያቺን ልጅ እናቷ ስታቅፋት ግቢው በሙሉ ነው ያጨበጨበው።

ለማን ይሆናል? ልጁ በአንድ ዓመት እንግሊዝኛ እንዲያወራለት ለሚፈልግ አይሆንም፣ ኮምፒውተር ክፍልም የላቸውም። እስከ 11 ሰዓት ሥራ ለሚውል፣ ቤት የሚቀበል ሰው ለሌለው ወላጅም ይከብዳል፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቃሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆዩበት ዝግጅት የላቸውም። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፣ በተለይ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች። ተጨማሪ ክፍያ አስከፍለውም ቢሆን ቢጀምሩት ብዙ ሰው ይገባ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ሰው ፊት እንዲረጋጋ፣ ራሱን እንዲችል፣ ከሌላ ልጅ ጋር እንዲስማማ ለሚፈልግ ግን ልቤ ሞልቶ ነው የምመክረው።

የትኛውም ኬጂ ለማየት ስትሄዱ ከሰዓት ባዶ ክፍል አይታችሁ አትመለሱ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሂዱና በር ላይ ቁሙ፣ የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ ማን ነው የሚቀበለው፣ ምን ብሎ ነው የሚቀበለው፣ እሱን እዩ። ሽንት ቤቱን አስከፍታችሁ እዩ። ልደት እንዴት ነው የምታከብሩት ብላችሁም ጠይቁ፣ ከመልሱ ብዙ ነገር ይታወቃል። የእኛኛው ቤት ምዝገባው ከሰኔ ጀምሮ ነው፣ ለኬጂ 1 ያለው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ሐምሌ ሳይገባደድ ይሞላል።